«ይሰማል?»



ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ (እሱም አሁን መምህር ነው) በሜሴንጀር እንዲህ ሲል ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ በኦንላይን ቋንቋ ለሚያስተምሩ መምህራን ሥልጠና ይሰጣሉ ሲባል ሰማሁ። እኔንም ይመዝግቡኝ። ላፕቶፕ ግን የለኝም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሳነብ አፈርኩ። በመጀመሪያው ዙር «ላፕቶፕ የሌለው ባይመጣ ይመረጣል» ብዬ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ያ ማስታወቂያ እስከ ዛሬ ይዞራል ማለት ነው። ስለዚህ ከምዝገባው በፊት ያ ዙር እንዴት እንደተበላሸ ልንገራችሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማንም ላይ አላላክክም።

ነገሩ የጀመረው በ2014 ክረምት ነው። ሜሪላንድ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ደወለችና «ልጆቼ አማርኛ ይሰማሉ፣ መመለስ ግን እምቢ አሉ። ከእማዬ ጋር በስልክ ሲገናኙ ከሃይና ከባይ አያልፉም። እማዬ ደግሞ ስልኩ ሲዘጋ ታለቅሳለች። እዚያ አገር መምህር ጠፋ?» አለችኝ። መምህርማ አልጠፋም። ሁለት ከዳንግላ፣ ሦስት ከእንጅባራ ከተማ፣ አንዲት ከባንጃ ገጠር፣ ባጠቃላይ ስድስት መምህራን ሰበሰብኩ። አራቱ አማርኛ፣ አንዱ እንግሊዝኛ፣ የባንጃዋ ደግሞ አውጚ የሚያስተምሩ ናቸው። ወሬው ሲሰማ ከዳንግላ፣ ከቻግኒና ከእንጅባራ ወጥተው ውጭ አገር የሚኖሩ ሌሎች ቤተሰቦችም ልጆቻቸውን ይዘው መጡ።

ስድስት ቀን አሠለጠንኩ። ምን አሠለጠንክ በሉኝ። ቁልፍ! ሚዩት እንዴት ይደረጋል፣ ስክሪን እንዴት ሼር ይደረጋል፣ ልጆቹን በየክፍሉ እንዴት እንበትናለን፣ ከጀርባችን የሚታየውን ግድግዳ በምን ሥዕል እንሸፍናለን። ዙም ለቡድን በነጻ የሚሰጠው 40 ደቂቃ ነው፤ ልክ የእኛ አንድ ክፍለ ጊዜ ማለት ነው። ይቺን አጋጣሚ ራሱ እንደ ትልቅ ግኝት ነበር የነገርኳቸው። ልጅ በባዕድ ቋንቋ አፉን እንዴት እንደሚፈታ ግን በስድስት ቀን ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። እኔ እኮ የቋንቋ ማስተማር ዘዴ ነው የማስተምረው፤ እንጀራዬ እሱ ነው።

ከዳንግላ ከመጡት አንዱ ጋሼ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ የዳንግላ ልጆች ማን እንደሆኑ ገብቷችኋል። አማርኛ 34 ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰባተኛ ክፍል እኔንም አስተምረውኛል። ሥልጠናው ላይ ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ ጋደም አድርገው ስለሚያወሩ ካሜራው የሚያሳየን ጣሪያውን ነበር። አንድ ቀን አስተካክሉት አልኳቸው፤ አስተካከሉ። ሌላ ቀን ደገመ። በአራተኛው ቀን ጊዜ እያጠረኝ ስለነበር ወጣቶቹ ፊት «ጋሼ፣ ለኦንላይን እንዲህ አይሆንም እኮ። ምናልባት ይሄ ነገር ለወጣቶቹ ቢተው ይሻላል» አልኩ።

«እሺ ልጄ» አሉኝ። ሻይ ሰዓት ድረስ ተቀመጡ። በማግስቱ አልመጡም።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ድርሰቴን ክፍል ፊት ያስነበቡኝ፣ «አንተ መምህር ትሆናለህ» ያሉኝ ሰው ናቸው። ይሄን የማነሳው ጥፋቱ ምን ያህል እንደሆነ እንድታውቁት ነው።

ሥልጠናው እንዳለቀ እኔ ራሴ ሞዴል የሚሆን ትምህርት ላሳይ ብዬ ዘጠኝ ልጆች ይዤ ገባሁ። ገና ከጅምሩ ሰዓቱ ተዛባ። ለወላጆች «ቅዳሜ 11 ሰዓት» ብዬ ጽፌያለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ነው፣ እዚያ ከጠዋቱ 10 ማለት ነው። አንዷ እናት በራሷ ሰዓት 11 አድርጋ አንብባው ልጇን ይዛ ስትገባ እኛ ጨርሰን ወጥተናል። (ደግሞ ኅዳር አካባቢ እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሳሉ፤ እኛ ባለንበት ነን። አሁን በማስታወቂያው ላይ የሁለቱንም አገር ሰዓት እንጽፋለን፣ ወቅቱ ሲቀየርም እንደገና እናሳውቃለን። ቀላል ይመስላል፤ ስንት ክፍል እንደበላብን ግን እኔ ነኝ የማውቀው።)

ትምህርቱ አማረ። ስላይዱ ቀለም በቀለም ነው፣ ስለ ዘንገና ሐይቅ የሚያምር ፎቶ አለው። ወላጆች አመሰገኑ። ማታ ቅጂውን ከፍቼ ሳዳምጥ ግን የምሰማው የራሴን ድምፅ ብቻ ሆነ። እጠይቃለሁ፣ ትንሽ ዝም እላለሁ፣ ራሴ እመልሳለሁ፣ «ጎበዝ!» እላለሁ። ማንን ነው ጎበዝ የምለው? አንዲት ልጅ «ው...» ብላ ጀምራ ነበር። ቅጂው ላይ በደንብ ይሰማል። ውሃ ልትል ነው፣ ውሻ ልትል ነው አላውቅም፤ ላይዋ ላይ ሄድኩባት።

ያኔ ትዝ ያለኝ ፕላዝማ ነው። በ1997 ፕላዝማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲገባ እኔ ጀማሪ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ። ለማታውቁት ልጆች፦ ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣል፤ ከክፍለ ጊዜው ሠላሳ ደቂቃ ያህሉን ቴሌቪዥኑ ይወስዳል፤ መምህሩ መጀመሪያ ላይ ያስተዋውቃል፣ መጨረሻ ላይ ያጠቃልላል። በመሀል ቆመን እናያለን። ከስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ትሰጣለች፣ ማን ምን እንዳለ ሳትሰማ ታልፋለች። እኛ ወጣት መምህራን ሻይ ቤት ቁጭ ብለን «መብራት አብሪና አጥፊ አደረጉን» እያልን ምን ያህል እንዳማረርን! ፕላዝማ ጥቅም አልነበረውም አልልም፤ መጽሐፍ በሌለበት ትምህርት ቤት ብዙ ነገር አሳይቷል። ግን አይሰማም። ከ17 ዓመት በኋላ መስማት የሚችል መሣሪያ በእጄ ገብቶ፣ በገዛ ፈቃዴ ፕላዝማ ሆኜ ተገኘሁ።

በሳምንቱ ሚኒባስ ይዤ ዳንግላ ወረድኩ። ከእንጅባራ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ይቅርታ ለሚጠይቅ ሰው ግን ትረዝማለች። ቤታቸው ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። ጋሼ መደብ ላይ ተቀምጠው ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በኢሞ ያወራሉ። ውጭ አገር ካለችው የልጅ ልጃቸው ጋር ነው፤ ስምንት ዓመቷ ነው። ተቀመጥ ብለው በእጃቸው አሳዩኝ። ካሜራው ተዘግቷል።

«እጄ ላይ የያዝኩት ምንድን ነው? ጠይቂኝና ድረሺበት» አሏት።

ዝም። እኔ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት... «ጋሼ፣ ተቋረጠ መሰለኝ» ብዬ አንሾካሾክሁ። ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉብኝ። አሥራ አንድ ላይ ስደርስ ከስልኩ ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ፦ «ይ... ይበላል?»

«አይበላም።»

እንደገና ዝም። «ትልቅ ነው?»

ልጅቷ በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ስንት ጥያቄ እንደጠየቀች አልቆጠርኩም፤ እኔ ግን ዘጠኝ ልጆች ይዤ በ40 ደቂቃ ካናገርኩት በላይ ነው። የያዙት የቤቱን ቁልፍ ነበር። ካሜራውን የዘጉት ስለማያውቁበት እንዳይመስላችሁ። «ካየችውማ ለምን ትጠይቀኛለች?» አሉኝ በኋላ።

ከዚያ ልጅቷ «አባቴ ትናንት መታ» አለች። ከሥራ መጣ ማለቷ ነው። ውጭ ያደጉ ልጆችን ያስተማረ ሁሉ ያውቃታል፤ ት እና ጥ አይለዩላቸውም። እኔ ብሆን የአፍ ሥዕል ያለበት ስላይድ እከፍት ነበር። ጋሼ «ምነው ምን አጠፋሽ?» ብለው ሳቁ፣ ልጅቷም ሳቀች። ከዚያ «በይ ትንፋሽሽን ያዢ። አፍንጫሽንም ያዢ። አሁን ሳትተነፍሺ ጥ በይ» አሏት። ሞክሩት እስቲ፣ አሁን፣ ይሄን እያነበባችሁ። ትንፋሽ ተይዞ ጥ ይወጣል፤ ት ግን አይወጣም። ጥ፣ ቅ፣ ጭ፣ ጵ የሚወጡት ከሳንባ በሚመጣ አየር አይደለም፤ ጉሮሮ ተዘግቶ፣ ከላዩ የታመቀው አየር ፈንድቶ ነው። እኔ ይሄን በኮሌጅ «ፈንጂ ድምፆች» እያልኩ በሰሌዳ ላይ አስተምረዋለሁ። እሳቸው በስልክ፣ ያለ ምስል፣ ስምንት ዓመት ለሆናት ልጅ አስተማሩት። በሦስተኛው ሙከራ «መጣ!» አለች፤ እንዲያውም ጮኸች።

ስልኩ ሲዘጋ ይቅርታ ጠየቅሁ። ጋሼ ብዙ አላደረቁኝም። «ክፍል ፊት ማለትህ ነው እንጂ ያልከውስ እውነት ነው፤ ያንን ሳጥን አላውቅበትም» አሉ። እንዲመለሱ ለመንኳቸው። ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ «እንግዲህ አንተ ቁልፉን ያዝ፣ እኔ ልጆቹን እይዛለሁ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሥልጠና የቆመው በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። አንድ ክፍል ላይ ሁለት መምህር ይገባል፤ አንዱ ያስተምራል፣ ሌላው በር ይከፍታል፣ የወጣ ልጅ ይመልሳል፣ ሰዓት ይይዛል። በቀጣዩ ክፍል ይቀያየራሉ። ወጪው እጥፍ አይሆንም ወይ ላላችሁኝ፦ ይሆናል። ግን ለአዲስ መምህር ማስተማርና ቁልፍ መነካካት በአንድ ጊዜ ሲጫኑት የሚጥለው ማስተማሩን ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

የሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን ስልክ አይከፈትም። ሁለት ሁለት መምህር ጀርባና ጀርባ ገጥመው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አንዱ ወረቀት ላይ ያለ ሥዕል ይዞ ሌላውን በቃል ብቻ ያስሥለዋል። ፊት የለም፣ እጅ ማወናጨፍ የለም። ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው «እንዲህ አድርገህ... እዚህ ጋ...» እያለ ሲንተባተብ ማየት ነው። «እዚህ ጋ» የት ነው? ስንቱን ነገር በእጃችንና በፊታችን ስናስተምር እንደኖርን ያኔ ይገለጣል።

ሁለተኛው ነገር ዝምታ ነው። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የመምህራንን ትምህርት በቴፕ እየቀዳች አጥንታለች። መምህር ጠይቆ የሚጠብቀው በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ሆኖ አገኘችው። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቅ የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፣ ዝም የሚሉት ልጆችም መናገር ይጀምራሉ። ያ እንግዲህ ፊት ለፊት፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው። በኦንላይን ድምፁ ራሱ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ልጁ ሚዩቱን እስኪከፍት ጊዜ ይወስዳል፤ በሁለተኛ ቋንቋ ደግሞ ቃል ይፈልጋል። ስለዚህ ሠልጣኞቼን በልባቸው እስከ አሥር ያስቆጥራል የሚል ደንብ አወጣሁ። አሥር ሰከንድ በስልክ ላይ እንደ አንድ ዓመት ነው። ሁሉም ስድስት ላይ «ሃሎ? ይሰማል?» ይላል።

«ይሰማል?» ደግሞ የተከለከለች ቃል ናት። ክፍል በሷ አይከፈትም። ልጁ «የስ» ይላችኋል፣ በቃ፤ የቀኑ የመጀመሪያ ቃሉ እንግሊዝኛ ሆነ፣ እናንተም ኔትወርክ ሠራተኛ ሆናችሁ። ጋሼ የሚጀምሩት «እናንተ ጋ ዛሬ ፀሐይ ነው ወይስ ዝናብ?» ብለው ነው። የሰማ ይመልሳል፤ ያልሰማውን ያኔ ታውቁታላችሁ።

ካሜራን በሚመለከት ተለማምጠን አስማማን። መጀመሪያ ሰላምታ ላይ ይከፈታል፣ ከዚያ እንደ ሁኔታው ይዘጋል። ቪዲዮ በሰዓት ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ሊበላ ይችላል፤ ድምፅ ብቻ ከሆነ መቶ ሜጋባይትም አይሞላም። የመምህር ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለመምህሩ የፓኬጅ ሳይሰጡ «ካሜራ ክፈት» የሚል አሠልጣኝ፣ ማለትም የ2014ቱ እኔ፣ ትዝብት ላይ ይወድቃል።

በመሀል ዋይፋዩን እነቅላለሁ። ሳልናገር። ይሄን ልምምድ በጣም ይጠሉታል። መስመር ሲቋረጥ መምህሩ ይደነግጣል፣ ልጆቹ ግን ምን እየሠሩ ነው? ስለዚህ ሁልጊዜ ከመናገር በፊት ሥራ ይሰጣል፦ «ከጠፋሁባችሁ እቤት ውስጥ ያሉ ሦስት ቀይ ነገሮች ፈልጋችሁ በቴሌግራም በድምፅ ላኩልኝ።» ተመልሳችሁ ስትገቡ ከዘጠኝ ልጆች ሰባት ድምፅ ተልኮ ሲጠብቃችሁ ኔትወርኩን ማመስገን ይቃጣችኋል።

አሁን ወደ ባንጃዋ መምህርት ልምጣ፤ የሷ ነገር ሌላ ነው። አውጚ በዞናችን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሰጥ፣ በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ ቋንቋ ነው። አማርኛ የሌለው ድምፅ አለው፤ ለሱም ከ«ገ» ጋር የምትቀራረብ የራሱ ፊደል አለችው፦ ጘ፣ ጙ፣ ጚ እያለች የምትሄደው። የቋንቋው ስም ራሱ ያለሷ አይጻፍም። ፊደሏ ዩኒኮድ ውስጥ አለች፤ አብዛኞቻችን ስልክ ላይ ባለው ኪቦርድ ግን ብትፈልጓት አታገኟትም። መምህርቷ ለሦስት ልጆች የቋንቋቸውን ስም መጻፍ አቃታት። ሰው ሁሉ «ን» እና «ግ» አድርጊና እለፊው አላት፤ እኔም ጭምር። እሷ እምቢ አለች። ያለፈ ዓመት ካላንደር ገልብጣ በወፍራም ማርከር ጽፋ ፎቶ አንስታ ላከች። ልጆቹ ደግሞ በወረቀት ጽፈው ፎቶ መለሱላት። አሁን ለሁሉም ፊደል እንዲያ ነው የምታደርገው፤ የአማርኛ መምህራኑም ከሷ ወስደውታል፤ ምክንያቱም በእጁ የጻፈ ልጅ ፊደሉን ያስታውሳል።

ድምፁም ቀላል አልነበረም። እነዚህ መተግበሪያዎች ጫጫታ ለመቀነስ ብለው ድምፅ ያጣራሉ፤ የእንጅባራ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማሽኑ ዝናቡን ሲያጠፋ የሷን ስስ ድምፅ ይዞት ይሄዳል። ዙም ላይ «ኦሪጅናል ሳውንድ» የሚል አለ፤ ሲከፈት አያጣራም፤ ግን ያኔ ዝናቡ ሙሉውን ይገባል። መፍትሔው ጋቢ ሆነ። አልጋ ላይ ተቀምጣ ጋቢ ተከናንባ ከውስጥ ታስተምራለች። አንድ ቀን ካሜራው በስህተት ተከፍቶ ልጆቹ «ቲቸር ድንኳን ውስጥ ነሽ?» አሏት። የዚያን ቀን ትምህርት ስለ ድንኳን ሆነ።

በዚህ መሀል የ2015 ሐምሌ መጨረሻ መጣ። በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የኛም ክፍል አብሮ ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራት። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አልጽፍም፤ ሁላችንም ኖረነዋል፤ ከትምህርት የሚበልጥ ስንት ነገር የጎደለበት ጊዜ ነው። ጋሼ ስልክ በሚሠራባቸው ቀናት የልጅ ልጃቸው ቤተሰብ በቀጥታ ሲደውሉ ያገኟታል፤ ውድ ስለሆነ ለጥቂት ደቂቃ። ባንጃዋ መምህርት ከሦስቱ ልጆቿ ጋር ፈጽማ ተለያየች።

ተመልሰን ስንገናኝ ከሦስቱ አንዷ ልጅ አልመጣችም። እናቷን ደውዬ ጠየቅኋት፤ «ረስታዋለች፣ አሁን ስዊሚንግ ጀምራለች» አለችኝ። መምህርቷ ምንም አላለችም። የልጅቷን የድሮ ወረቀቶች ፎቶ ግን አሁንም ስልኳ ላይ አላጠፋችም። እናቷን በየወሩ «ሰላም ነው?» እያለች በድምፅ ትልክላታለች፤ በአውጚ ነው የምትልከው። እስካሁን የመጣው መልስ በአማርኛና በአጭሩ ነው። እኔ ተይው ብያት ነበር። አልተወችም፤ ከዚያ በኋላ ዝም አልኩ።

ጋሼ ደግሞ አሁን ግራ ጆሯቸው ደክሟል። ስልኩን ወደ ቀኝ አዙረው ያዳምጣሉ፤ ክፍል ላይ አብሯቸው የሚገባው ወጣት መምህር ያልሰሙትን በወረቀት ይጽፍላቸዋል። ካሜራቸው አሁንም ጣሪያ ነው የሚያሳየው። ልጆቹ የጣሪያውን ቀርከሃ ቆጥረው ስንት እንደሆነ ነግረዋቸዋል፤ ቁጥር የተማሩት በሱ ነው።

እንግዲህ ለተማሪዬና ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፦ ቀጣዩ ዙር የሚጀምረው የሚመጣው ቅዳሜ እንጅባራ ነው። ላፕቶፕ አያስፈልግም። ስልክ ያለው ይዞ ይምጣ፣ የመጀመሪያው ቀን ግን ተሰብስቦ መሶብ ውስጥ ይገባል። የመጓጓዣ አንችልም፤ የኢንተርኔት ፓኬጅ ግን ለሁሉም እንሞላለን። የአውጚ መምህራን ብትመጡልን ደስ ይለናል፤ አንዲት ብቻዋን ናት። የድሮውን ማስታወቂያ የምታጋሩት ሰዎች እባካችሁ አጥፉልኝ።

ሰዓቱ 3 ነው፣ ጠዋት፣ በእኛ አቆጣጠር። ጋሼ ሁለት ተኩል ላይ ይደርሳሉ። አርፍዶ የገባ ምን እንደሚባል የዳንግላ ልጆች ኮሜንት ላይ ንገሯቸው።